ለሦስት ወር የሚሆን መኖ ለአሥር ዓመት አይሆንም፦ በግቢ ስለሚያድጉ ፍየሎች መኖና ማዕድን

(ይህ ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ላይ፣ በግቢያቸው ፍየል ለሚያሳድጉ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ስለጠየቃችሁኝ እንዳለ አስቀመጥኩት።)

እንደምን አረፈዳችሁ? ኑ፣ ወደ ፊት ቅረቡ፣ ከኋላ የቆማችሁ ወንበር እዚህ አለ። እማማ፣ እርስዎ እዚህ ጥላው ስር ይቀመጡ። የቅዳሜ ጠዋታችሁን ትታችሁ ስለ ፍየል ለመስማት ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፍየላችሁን ለመሸጥ ወይም ለማረድ ሳይሆን ስለምትወዷት ብቻ የምታሳድጉ እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ? ከግማሽ በላይ ነው። ለበዓል ተገዝቶ ልጆቹ "አይታረድም!" ብለው አልቅሰው ያስቀሩት ሙክት ያላችሁ አላችሁ። ለልጅ ወተት ብላችሁ ገዝታችሁ፣ ወተቷ ከደረቀ በኋላም መለየት ያቃታችሁ አላችሁ። ጥሩ ነው። ደስ ይላል።

ግን ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል አለ። መኖ ቤት ስትገቡ የምትሰሙት ምክር፣ ጎረቤት የሚነግራችሁ፣ ነጋዴው የሚላችሁ በሙሉ ስለ ማድለብ ነው። ማድለብ ማለት ለሦስት ወር ግድም አጥብቆ አብልቶ መሸጥ ነው። እናንተ ደግሞ ፍየላችሁ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት አብራችሁ እንድትኖር ነው የምትፈልጉት። ለሦስት ወር የሚሆን መኖ ለአሥር ዓመት አይሆንም! ከዛሬው ንግግር ሌላው ቢጠፋባችሁ ይህን ያዙልኝ።

አራት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ ቅጠል፣ ሁለተኛ ፉርሽካና ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው)፣ ሦስተኛ ጨውና ማዕድን፣ አራተኛ ግቢያችን ውስጥ ስላለው መርዝ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ። በእንስሳት ጤና ሥራዬ ሰዎች በሌሊት የሚደውሉልኝ በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ነው።

እሺ፣ አንደኛ። ቅጠል።

አባቶቻችን "ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ" ይላሉ። ሰውን ለመውቀስ ነው የሚሉት፣ የፍየልን ጠባይ ግን በደንብ አውቀውታል። በግ አንገቷን ደፍታ ሳር ትግጣለች። ፍየል ቀና ብላ ቅጠል ትቀነጥባለች፣ ቅርንጫፍ ላይ ትንጠላጠላለች፣ እሾኽ ውስጥ አፏን ከታ ለስላሳውን ትመርጣለች። ሆዷ የተሠራው ለዚያ ነው። የጨጓራዋ አራት ክፍሎች፣ በተለይ ትልቁ፣ ቅጠልና እንጨት ነክ ነገር በሚፈጩ በዓይን በማይታዩ ነፍሳት የተሞላ ነው። እናንተ ፍየሏን የምትመግቡ ይመስላችኋል እንጂ የምትመግቡት እነሱን ነው። እነሱ ከተጎዱ እሷም ትወድቃለች።

ስንት ትብላ? 30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል። እርጥብ ቅጠል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ በእርጥቡ ሲሰላ ሦስትና አራት ኪሎ ይሆናል። ሉኪኒያ፣ ሰስባኒያ፣ የርግብ አተር ለእኛ ለቆላና ለወይና ደጋው ይሆናሉ። ደጋ ያላችሁ ትሪ ሉሰርን ትከሉ። የግራር ፍሬ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል፣ ግን ብቻውን አያኖርም። ቅጠሉን መሬት ላይ አትበትኑት፤ በገመድ አስራችሁ በአንገቷ ልክ አጥሩ ላይ ስቀሉት። ፍየል የረገጠችውንና የሸናችበትን አትበላም፣ ብትራብም ገፍታው ነው የምትሄደው። ይህን "ቅንጦት" የሚሉ ሰዎች አሉ። ቅንጦት አይደለም፣ ከትል የምትጠበቀው በዚያ ነው።

እርጥብ አልፋልፋ በጠዋት በባዶ ሆድ አትስጡ፣ ትነፋለች። አጭዳችሁ ጠውለግ ይበል፣ መጀመሪያ ድርቆሽ ቅመስ ታድርግና ከዚያ።

ስለ ሉኪኒያ አንድ ነገር ልንገራችሁና ልመለስ። ሉኪኒያ ውስጥ ሚሞሲን የሚባል ነገር አለ። ሲበዛ ፀጉር ያረግፋል፣ እንቅርት ያመጣል። በአውስትራሊያ ከብቶች ሉኪኒያ ሲበሉ ይታመሙ ነበር፤ በሃዋይ ደሴቶች ያሉ ፍየሎች ግን እንደልባቸው እየበሉ ምንም አይሆኑም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የደረሱበት፣ የሃዋይ ፍየሎች ጨጓራ ውስጥ መርዙን የሚያፈርስ ባክቴሪያ መኖሩን ነው። ያንን ወስደው ለአውስትራሊያ ከብቶች ሰጡ፣ ሠራም! ፍየል ለላም መድኃኒት ሆነች ማለት ነው። ለእናንተ ግን ምክሬ ቀላል ነው፦ ሉኪኒያ ከጠቅላላው መኖ ሲሶውን አይለፍ፤ ከሌላ ቅጠል ጋር ቀላቅሉት።

ሁለተኛ። ፉርሽካ።

ፉርሽካ መጥፎ ነው አልልም። ፉርሽካ ብቻ መጥፎ ነው ነው የምለው። ልዩነቱን ስሙኝ። አንድ ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ሰባትና ስምንት እጥፍ ይበልጣል። ፍየል የሚያስፈልጋት ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ካልሲየሙ የፎስፈረሱ ሁለት እጥፍ ግድም መሆን አለበት። ታዲያ የተረፈው ፎስፈረስ የት ይሄዳል? ወደ ሽንት ይሄዳል። እዚያ ከሌላ ማዕድን ጋር ተጣብቆ አሸዋ ይሆናል፣ አሸዋው ጠጠር ይሆናል። እንስቷ ቧንቧዋ ሰፊ ስለሆነ ታሸናዋለች። ሙክት ግን ቧንቧው ረጅምና ጠባብ ነው። በተለይ በሕፃንነቱ የተኮላሸ ከሆነ በደንብ ሳይሰፋ ቀርቷል።

አንድ ቤት ቡላ የሚባል ሙክት ነበር። ለፋሲካ ተገዝቶ የቤቱ ትንሽ ልጅ አንገቱን ይዞ አላስነካም ብሎ የቀረ ነው። ቤተሰቡ ነፍሱን ነው የሚወዱት። ጠዋት ፉርሽካ፣ ማታ ፉርሽካ፣ መሐል ላይ ዳቦ። አንድ ማታ "ሆዱ ደርቆ እያማጠ ነው፣ ዘይት አጠጥተነዋል" ብለው ደወሉልኝ። ስደርስ እግሮቹን ዘርግቶ ቆሟል፣ ጭራው ቁና ቁና እንደሚተነፍስ ሰው ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ጥርሱን ያፋጫል። በጣቴ ከሆዱ ስር ሽንቱ የሚወጣበት ጋ ያለውን ፀጉር ያዝኩት። ፀጉሩ ደርቋል፣ እርጥበት የለውም፤ ጫፉ ላይ ነጫጭ ደቃቅ ፍሬዎች ተጣብቀዋል፣ በሁለት ጣት ስታሹት ይንኮሻኮሻል። ያ ጠጠር ነው። ሆድ ድርቀት አይደለም፣ ሽንቱ ተዘግቷል። ሐኪሙ የብልቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀጭን ቅጥያ ቆረጠለት፣ ጠጠሩ እዚያ ነበር የተቀረቀረው፣ ሽንቱም ወረደ። ቡላ ተረፈ። ብዙዎቹ ግን አይተርፉም፣ ፊኛው ይፈነዳል። ሙክት ቆሞ ካማጠ፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ካለ ወይም ከቀረ፣ "ጠዋት እናያለን" አትበሉ! እለምናችኋለሁ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጥሩ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ወንድ ሙክት ያላችሁና ቅጠል የምታገኙ ሰዎች፣ ፉርሽካ ባትሰጡትም ይኖራል። በእውነት ነው የምላችሁ። ያልታለበች፣ ያላረገዘች ፍየልም እንደዚያው ናት። መስጠት ካለባችሁ በቀን ከሁለት መቶ ግራም ግድም አትለፉ፣ አንድ ጣሳ የሚሉት ብዙ ነው። ፉርሽካው ላይ ደግሞ የመኖ ላይምስቶን ጨምሩ፤ ለአንድ ኩንታል ሁለት ኪሎ። መኖ ቤት "ለመኖ የሚሆን" ብላችሁ ጠይቁ። ለግድግዳ የሚቀባው ኖራ አይደለም! እሱ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ንጹህ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር፤ ብዙ የጠጣ ሙክት ብዙ ይሸናል፣ አሸዋውም ሳይጠጥር ይታጠባል። ጨው የሚጠቅመውም አንዱ ለዚህ ነው፣ ውሃ ያስጠጣል።

(ከታዳሚዎች አንዲት እናት፦ "ዳቦና እንጀራ ትራፊስ? እነሱ እኮ ይወዱታል።")

ይወዱታል እናቴ፣ እውነት ነው። ልጅም ከረሜላ ይወዳል። የድግስ ሰሞን ግን ስንት ፍየል እንደሚሞት ብታውቁ! ዳቦ፣ ሊጥ፣ ስንዴ፣ በቆሎ በብዛት ሲገባ ጨጓራ ውስጥ በፍጥነት ይፈላና አሲድ ይሆናል። ቅጠል የሚፈጩት ነፍሳት ያልቃሉ። ፍየሏ ማመስኳት ታቆማለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ትተኛለች። ቁራሽ እንጀራ ከእጅ ብትቀምስ ምንም የለውም። የሰርግ ትራፊ በሳፋ መስጠት ግን መግደል ነው። የጆንያው አፍ ይታሰር፣ የመኖው ክፍል ይቆለፍ፤ ፍየል በር መክፈት ትችላለች። የዶሮ መኖም አትስጡ፣ ለዶሮ ተብሎ የተሠራ ነው። መኖ ስትቀይሩ ደግሞ በሳምንትና በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን።

ፋጉሎ። የኑግ ፋጉሎ ሲሶው ያህል ፕሮቲን ነው፣ ለምታጠባና ለምትታለብ ፍየል ጥሩ ነው። ግን ሻጋታ! በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና መርምሮ፣ አፍላቶክሲን ለሚባለው የሻጋታ መርዝ አውሮፓ ያስቀመጠውን ልክ ያላለፈው 9 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ምንጩ ሲታይ በዋናነት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ጥናቱ የላም ወተት ላይ ነው፣ ግን በፍየልም ያው ነው፤ የበላችው በወተቷ ይመጣል፣ ያንን ደግሞ የሚጠጣው ልጃችሁ ነው። ስለዚህ ፋጉሎ ስትገዙ ሰብራችሁ እዩት፣ አሽቱት። የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ካለው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ከታየበት፣ ተዉት። ረከሰ ብላችሁ አትግዙ። የወር ብቻ ግዙ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ላይ አስቀምጡ። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ለትንሽ ግልገል አይሰጥም። አተላ የለመደች ካለች ጥቂት፣ ትኩስ የወጣውን ብቻ፤ ያደረና የሸተተ አይሆንም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ጨውና ማዕድን።

ስንቶቻችሁ አሞሌ ሰቅላችኋል? ጥሩ፣ ሁላችሁም ማለት ይቻላል። ጎበዞች። ግን ልንገራችሁ፣ ጨው ጨው ነው። ሶዲየምና ክሎሪን ነው። ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ሴሊኒየም ከእሱ በቂ አይገኝም። ፍየሏ ግድግዳ ትልሳለች፣ አጥንት ታኝካለች፣ ፌስታል ትበላለች፤ እኛ ደግሞ "ጨው እኮ አላት" እንላለን። ነገሩ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ይሆናል።

እኔ ያደግኩት ዝዋይ አካባቢ ነው። አያቴ ፍየሎቹን ወደ ቦሌ አፈር ይነዳ ነበር። ያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የሚገኘው ነጣ ያለ አፈር ማለቴ ነው። ገና ሳይደርሱ ይሸታቸዋል መሰለኝ፣ ከፊት ያሉት መሮጥ ይጀምራሉ፣ ከዚያ ሁሉም ይከተላል። ሲደርሱ ጩኸት የለም፣ መዋጋት የለም፣ ምላስ ብቻ ነው የሚሰማው። አያቴ ብዙ እንዲቆዩ አይፈቅድም፤ "ይብቃ፣ ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል" ብሎ ይመልሳቸዋል። ቦረናዎችም ከኤል ሶድ፣ ጨው ቤት ከምንለው ጉድጓድ፣ ለከብቶቻቸው ጨው ያወጣሉ። አባቶቻችን እንስሳ ቅጠል ብቻ በልቶ እንደማይጠግብ ከእኛ በፊት ገብቷቸዋል። ይህን እውቀት አትናቁት። ግን የአያቴ ፍየሎች ቀኑን ሙሉ ሃያ ዓይነት ቁጥቋጦ እየቀነጠቡ ይዞሩ ነበር። የእናንተዋ ግቢ ውስጥ ናት። የጎደላትን ሄዳ መፈለግ አትችልም፤ የምትፈልጉላት እናንተ ናችሁ።

መዳብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። በስምጥ ሸለቆው የፍየልና የበግ መዳብ እጥረት ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ አዋሽ አካባቢ ያሉ አርቢዎች የኋላ እግሩ እየተጎተተ የሚወለድ ወይም በተወለደ በሳምንታት ውስጥ መቆም የሚያቅተው ግልገል አይተዋል። እናቱ እርጉዝ ሳለች መዳብ አጥሯት ነው። አንዴ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በመድኃኒት አይመለስም። በትልቅ ፍየል ምልክቱ ቀለም ነው። ጥቁሯ ፀሐይ ያነጣት ዓይነት ቡናማ ትሆናለች፣ ፀጉሯ ይከረደዳል፣ የጭራዋ ጫፍ ይመለጣልና ሁለት ቦታ የተከፈለ ይመስላል። ዛሬ ቤት ስትገቡ ጭራዋን እዩ። ግን ቶሎ ብላችሁ መዳብ አትስጡ! መጀመሪያ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጉ። ከቀላ ደህና ነው። ከነጣ ደም መጣጭ የጨጓራ ትል ሊሆን ይችላል፣ እሱም ፀጉር ያከስማል፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው።

በግና ፍየል አንድ ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ በደንብ ስሙኝ። ፍየል መዳብ ትፈልጋለች፣ በግ ግን ትንሽ ሲበዛባት ጉበቷ ውስጥ ይጠራቀምና ይገድላታል። ለፍየል ወይም ለከብት የተሠራ ማዕድን በግ እንዳትደርስበት። ለበግ የተሠራውን ለፍየል ከሰጣችሁ ደግሞ አትሞትም፣ ግን መዳቡ አይበቃትም። ለየብቻ ይብሉ። ሌላ መላ የለውም።

አዮዲንስ? ግልገል አንገቱ ስር አብጦ፣ ፀጉር ሳያወጣ ከተወለደ አዮዲን ነው የጎደለው። ጎመን ያለ ልክ መመገብም ያባብሰዋል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለሰው የሚሸጠው ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። ለእንስሳ የምትገዙት አሞሌ ግን አዮዲን አልተጨመረበትም። ቀላሉ ነገር፣ እርጉዝ ፍየል ካለቻችሁ መኖዋ ላይ የምትጨምሩት ጨው የወጥ ቤታችሁ አዮዲን ያለው ጨው ይሁን። ሴሊኒየም በሐኪም እጅ ብቻ ነው፤ በሚጠቅመውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ከሰው ሰምታችሁ መርፌ አትውጉ።

የታሸገ ማዕድን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። "ለፍየል" ይላል ወይ? መዳብ ተጽፎበታል ወይ? ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ይበልጣል ወይ? ጊዜው አላለፈም ወይ? ዝርዝር የሌለው ነጭ ዱቄት በፌስታል ተቋጥሮ ከተሸጠላችሁ አትውሰዱ። ዱቄቱ ከሚላሰው ድንጋይ ይሻላል፣ የፍየል ምላስ እንደ ላም ሻካራ ስላልሆነ ከድንጋዩ የሚበቃትን አታገኝም። ለአንድ ትልቅ ፍየል በቀን አሥር ግራም ግድም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ እሽጉ ላይ የተጻፈ ልክ ካለ እሱን ተከተሉ። ዝናብ በማይነካው ደረቅ ዕቃ፣ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። እንደ አያቴ አሞሌም ቦሌም ብትጨምሩ አልቃወምም፣ ማዕድኑን ግን አይተካም።

አራተኛውን በአጭሩ። ግቢያችሁ ያለውን ዕፅዋት ዞራችሁ እዩ። የወፍ ቆሎ አጥር ያላችሁ፣ ጉበት ያበላሻል፣ ቆዳዋ ፀሐይ ሲነካው ይቆስላል። ጉሎ ፍሬው ይገድላል። የአቮካዶ ቅጠል ልብ ይጎዳል፣ የምትታለበዋን ጡት ያሳብጣል፤ አቮካዶ የተከላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁና ስትገርዙ ቅርንጫፉን አትወርውሩላት። ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር ጥቂት ቅጠሉ ለመግደል በቂ ነው፣ ንቀሉት። ፌስታል ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አይፈጭም፣ አይወጣም፣ ተጠቅልሎ ሆዷ ውስጥ ይቀመጣል፤ እየበላች ትከሳለች። በቀን አንዴ ግቢውን ልቀሙ፣ ልጆቹን አልቅሙ።

ጨረስኩ። ፋጉሎና ማዕድን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ጠረጴዛው አምጡት፣ አብረን ሰብረን እናየዋለን፣ እሽጉንም አብረን እናነባለን። የርግብ አተርና የሰስባኒያ ዘር በጥቂት በጥቂቱ አለኝ፣ ቦታ ያላችሁ ብቻ ውሰዱ። እማማ፣ የእርስዎን ፍየል ጉዳይ አልረሳሁትም፣ ጭራዋን በስልክ ያነሱትን ፎቶ ያሳዩኝ።